አደራ በላ ወንበር

በጥርባ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለአሽከርካሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

  

ስለ ሕፃናት የመኪና መቀመጫ ልናገር እንደምመጣ የሰማ አንድ ወዳጄ፣ «አንተ ደግሞ! መኪናው መች ሞላልንና ነው ስለ ወንበሩ የምታወራው?» ብሎ ሳቀብኝ። ፌዙ እውነት አለበት። አብዛኛው የዚህ አገር ሕፃን የሚጓዘው በእናቱ ጀርባ፣ በሚኒባስ ውስጥ በሰው ጭን ላይ፣ ወይም በባጃጅ ነው። ነገር ግን እንጅባራ ወይም ዳንግላ ከተማ ውስጥ ቆማችሁ የሚያልፈውን የቤት መኪና ብትመለከቱ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የታሰረ የሕፃን መቀመጫ አልፎ አልፎ ማየታችሁ አይቀርም። አንዱ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጥቷል። ሌላውን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከልብስና ከጫማ ጋር ጠቅልሎ ልኮታል። ሦስተኛው ጎረቤት ልጁ ሲያድግበት ያስተላለፈው ነው። ዕቃው እየመጣ ነው። ስለ ዕቃው ማወቅ ያለብን ነገር ግን አብሮት አልመጣም።

ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት «ወንበር ግዙ» ብዬ ልሰብክ አይደለም። ወንበር መኖሩ ብቻ ልጅን እንደማያድን፣ የተበላሸ ወንበር ደግሞ ወላጅን አዘናግቶ ልጁን አሳልፎ እንደሚሰጥ ላስረዳ ነው። መጀመሪያ የወላጅ ክንድ ለምን እንደማይበቃ እናያለን። ቀጥለን በታላላቅ ፋብሪካዎች የተሠሩ ወንበሮች እንዴት እንደከዱ እንነጋገራለን። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የምታዩትን ያገለገለ ወንበር አብረን እንፈትሻለን። ማብቂያው ላይ ወንበር ስለሌለው ተሳፋሪ፣ ማለትም ስለ አብዛኞቻችን፣ ጥቂት እላለሁ።

በክንድ እንጀምር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። መኪናው ከዛፍ ወይም ከቆመ አይሱዙ ጋር ሲጋጭ ብረቱ ይቆማል፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን አንድ ነገር እስኪይዘው ድረስ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ይህ ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ እንደ መውደቅ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ከሆነ ከፍታው ወደ 25 ሜትር ይደርሳል። አሁን 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አስቡ። ግጭቱ መኪናውን በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ ካቆመው፣ ያን ሕፃን ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ኩንታል ከአርባ ኪሎ እንደ ማንሣት ነው። በብዙ ግጭት ጊዜው ከዚህም ያጥራል፤ ሸክሙም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከእህል ወፍጮ ኩንታል የሚያወርዱ ጎበዞች እዚህ መካከላችን አሉ። ሳያስቡት፣ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ፣ በሁለት ክንድ ብቻ ኩንታል ተኩል የሚይዝ አለ? እናት ልጇን የምትለቀው ፍቅር አንሷት አይደለም። የሰው ክንድ ለዚህ አልተፈጠረም።

የባሰም አለ። እናቲቱ ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ልጁ በእሷ ሰውነትና በፊት ባለው ወንበር መካከል ይገባል፤ ያን ጊዜ የገዛ እናቱ ክብደት ያደቀዋል። «እንግዲያው እኔንም እሱንም በአንድ ቀበቶ አስራለሁ» የምትል እናት ልታድነው ባሰበችው ቀበቶ ልጁን በራሷ ሰውነት ታጨፈልቀዋለች። አንድ ቀበቶ የአንድ ሰው ነው።

ይህን በጉልህ ያሳየው ታሪክ የተፈጸመው በአውሮፕላን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232፣ 296 ሰው ይዞ ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ሲበር የጅራቱ ሞተር ፈነዳና መሪው ሁሉ ሥራ አቆመ። ሠራተኞቹ አውሮፕላኑን እንደ ምንም እየገፉ ሱ ሲቲ ወደምትባል ከተማ አቀረቡት። ወላጆቻቸው ጭን ላይ የነበሩ አራት ሕፃናት ነበሩ። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ጃን ብራውን በጊዜው የተማረችው መመሪያ የሚያዘውን ነገረቻቸው፦ ልጆቹን በብርድ ልብስ ደግፋችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡና ያዟቸው። አውሮፕላኑ መሬቱን መትቶ ተሰባበረ፤ 112 ሰዎች ሞቱ። ከአራቱ ሕፃናት አንዱ ከእናቱ እጅ አምልጦ ሞተ። እናቲቱ ተርፋ ስትወጣ ጃን ብራውንን አገኘቻት፤ ብራውንም ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕፃን ሁሉ የራሱ መቀመጫና ማሰሪያ ይኑረው ብላ ስትሟገት ኖረች።

የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭን ላይ እንዲበር ይፈቅዳል። ምክንያቱን ስትሰሙ ይገርማችኋል፦ ለሕፃኑ ትኬት ግዙ ብንል ቤተሰቡ አውሮፕላኑን ትቶ በመኪና ይሄዳል፤ በመኪና ከሄደ ደግሞ የሚሞተው ሕፃን ይበዛል ይላሉ። ክርክሩ ትክክል ይሁን አይሁን ለእነሱ ልተወው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ አውሮፕላን ሲከሰከስ ያየ መሥሪያ ቤት እንኳ ከሰማዩ ይልቅ መንገዱን ይፈራል።

ክንድ ካልበቃ ምን ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የሕፃን ወንበሮች ልጁ በመኪናው ውስጥ እንዳይንቀዠቀዥና በመስኮት ማየት እንዲችል ከፍ ያደርጉት ነበር እንጂ ለግጭት የታሰቡ አልነበሩም። ግጭትን ያሰበው ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን ነው። ወደ ጠፈር የሚወነጨፉ ሰዎች ኃይሉን በጀርባቸው እንዲቀበሉ ተንጋለው እንደሚቀመጡ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ ሙከራ በቮልቮ መኪና ውስጥ አቀረበ። ምክንያቱ የሕፃን አካል ነው። አራስ ልጅ ከቁመቱ ሩብ ያህሉ ራስ ነው፤ የአንገቱ አጥንት ገና አልጠነከረም። ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ከተቀመጠ ቀበቶው ደረቱን ሲይዘው ያ ከባድ ራስ አንገቱን ጎትቶ ይወረወራል። ፊቱ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ጀርባው፣ አንገቱና ራሱ በአንድነት ወንበሩ ላይ ያርፋሉ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በትክክል የገባ መቀመጫ በቤት መኪና ውስጥ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን የመሞት አደጋን በ71 በመቶ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለውን ልጅ ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል። ወንበሩ ይሠራል። ከዚህ በኋላ የምናገረውን ክፉ ነገር ሁሉ ይህን ሳትረሱ ስሙኝ።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። እዚህ ያለ ሰው ፈረስ ያውቃል። ፈረሰኛ ከመውጣቱ በፊት የኮርቻውን ጠፍር ይጎትታል፣ የተላላጠውን በጣቱ ይዳስሳል፣ የላላውን ያጠብቃል፤ ጉዳቱ ዓይኑ ሥር ስለሆነ ራሱ መርማሪ ራሱ ፈራጅ ነው። የሕፃን መቀመጫ ግን ጉዳቱን በጨርቅና በፕላስቲክ ሸፍኖ ይቀመጣል። የሚፈተነውም በግጭት ቀን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ ማየት የማይችለውን ሌላ ሰው እንዲያይለት ይገደዳል፦ ሠሪው፣ ደረጃ አውጪው፣ ተቆጣጣሪው። እነዚህ ሲዘናጉ የሚሆነውን ሁለት ታሪኮች ያሳዩናል።

አንደኛው የመቆለፊያ ታሪክ ነው። ግራኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዙ ሚሊዮን ቤቶች የሚገኝ ስም አለው። ልጁን የሚያስሩት ቀበቶዎች እግሩ መካከል ባለ አንድ ቀይ ቁልፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ቁልፉን ስትጫኑ ይለቅቃል። ሕፃን ደግሞ መኪና ውስጥ ይበላል፤ ብስኩት ይፈረፍራል፣ ጭማቂ ያፈሳል፣ ወተት ያስመልሳል። ይህ ሁሉ ወደ ቁልፉ ውስጥ እየገባ ይጋገርና ቁልፉ አልከፈት ይላል። ልብ በሉ፤ ቀበቶው አልተበጠሰም፣ ወንበሩ አልተሰበረም። መኪናው በእሳት ቢያያዝ ወይም ወንዝ ውስጥ ቢገባ ግን እናት ልጇን ፈትታ ማውጣት አትችልም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ኩባንያው 3.7 ሚሊዮን ያህል መቀመጫዎች ላይ «ጉድለት አለባቸው፣ ይታረሙ» የሚል ጥሪ አወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአራስ ሕፃናት መቀመጫዎች ተጨመሩና ድምሩ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የሕፃን መቀመጫ ጥሪ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ኩባንያውን ጥሪውን በማዘግየቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። መድኃኒቱ ምን ነበር መሰላችሁ? በፖስታ በነፃ የሚላክ አዲስ ቁልፍ። የእጅ መዳፍ የምታክል ዕቃ ናት።

ሁለተኛው ታሪክ የሚያስቆጣ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ የመኪናው ቀበቶ አንገቱን እንዳይቆርጠው ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው መደላድል አለ። ኢቨንፍሎ የተባለ ኩባንያ «ቢግ ኪድ» በሚል ስም ይህን ሲሸጥ በአሜሪካ 13.6 ኪሎ ለሞላው ልጅ ይሆናል ይል ነበር፤ በካናዳ ግን ያው ወንበር 18 ኪሎ ላልሞላው ልጅ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ፕሮፐብሊካ የተባለ የጋዜጠኞች ድርጅት የኩባንያውን የውስጥ የግጭት ሙከራ ፊልሞች አወጣ። መኪና ከጎን ሲመታ በልጅ ምትክ የተቀመጠው አሻንጉሊት ከቀበቶው ወጥቶ ወደ ጎን ይጣላል፣ አንገቱ ይታጠፋል፤ ኩባንያው ግን ወንበሩ ፈተናውን አልፏል ይላል። እንዴት አለፈ? የጎን ግጭት ፈተናውን ያወጣው ራሱ ኩባንያው ነበርና! ወንበሩ ካልተሰበረ ወይም አሻንጉሊቱ ተወርውሮ ጨርሶ ካልወጣ ማለፊያ ነው። የኩባንያው አንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2012 ዝቅተኛው ክብደት ወደ 18 ኪሎ ከፍ ይበል ብሎ አሳስቦ ነበር፤ አልሰሙትም። ኩባንያው በበኩሉ ወንበሮቼ የአገሪቱን ደረጃ ያሟላሉ ብሎ ተከራክሯል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ፤ ያን ጊዜ አገሪቱ ለጎን ግጭት ያወጣችው ደረጃ አልነበራትም። የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩ ይታይ ያለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ደንቡ የወጣው በ2022 ነው። የሕግ ወረቀት ሲንከባለል በዚያ ወንበር የተቀመጠ ልጅ አድጎ ራሱ መኪና ነድቷል።

ለእኛ ግን ከእነዚህ ይልቅ ሦስተኛ ዓይነት ይቀርበናል፤ ከመነሻው የማይረባ ዕቃ። እንደ ደረት ማቀፊያ ከጨርቅና ከጠፍር ብቻ የተሰፋ፣ አካል የሌለው፣ ዋጋው የረከሰ «የመኪና ወንበር» በኢንተርኔት ይሸጣል። በእንግሊዝ አገር የንግድ ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያለውን በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ሲፈትኑት ተበጣጥሶ አሻንጉሊቱ ወደ ፊት ተወርውሯል። ሲታጠፍ በእጅ ቦርሳ የሚገባ ወንበር ካያችሁ ዋጋውን አትጠይቁ።

አሁን ወደዚህ ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ይህ ወንበር የአንድ እዚህ የተገኘ አባት ነው፤ ከውጭ አገር ከዘመድ ተልኮለት በሙሉ ልብ ልጁን ሲያስቀምጥበት ኖሯል። ላሳያችሁ ስጠይቀው ሳያቅማማ አምጥቶልኛል፤ አመሰግነዋለሁ። የአምራቹን ስም ልተወው። ከላይ ስታዩት ጨርቁ ታጥቧል፣ ታጥቦም ነጥቷል። ደህና ይመስላል። አሁን ልገልብጠው። እዚህ ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ቀን አለ፤ ብዙ አምራቾች የተሠራበትን ቀን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ዓመት እንዲህ ይጽፋሉ። የአብዛኛው ወንበር ዕድሜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው። ይህ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። «ፕላስቲክ ደግሞ ያረጃል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እየጋለ፣ ሌሊት እንደ እንጅባራ ባለ ብርድ እየቀዘቀዘ የኖረ ፕላስቲክ ይደርቃል፤ በግጭት ቀን መታጠፍ ሲገባው ይሰነጠቃል።

ጨርቁን ስገልጠው ከሥሩ ነጭ ፎም አለ፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የምታውቁት ዓይነት። ራስን ከጎን የሚጠብቀው ይህ ነው። እዚህ በግራ በኩል ተሰንጥቋል፤ ከዚህ ማዶ ደግሞ በፕላስቲኩ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። ወድቆ ይሁን ተጋጭቶ እኛ አናውቅም፤ ባለቤቱም አያውቅም። ያገለገለ ወንበር ትልቁ ችግሩ ይሄ ነው። ከባድ ግጭት ያየ ወንበር ደህና ቢመስልም ባይመስልም ሥራውን ጨርሷል፤ ታሪኩን ግን አይናገርም። ቀጥሎ ቀበቶውን እዩ፤ አንድ ቦታ ተጠማዟል፣ ጠርዙም ተፈልቅቋል። ቁልፉን ስጫን ይንገጫገጫል፤ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ሳራግፈው ፍርፋሪ ይንኮሻኮሻል። ጎኑ ላይ የነበረው ምልክት ተቀድዶ ግማሹ ቀርቷል። በአውሮፓ የተፈቀደ ወንበር ብርቱካናማ ወረቀት ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና ቁጥር አለው፤ የድሮው ደንብ 44 ከሆነ የፈቃዱ ቁጥር በ03 ወይም በ04 መጀመር አለበት፣ በ01 እና በ02 የሚጀምረው ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የአዲሱ ደንብ ቁጥር 129 ነው። የቻይና ከሆነ «ሲሲሲ» የሚል ምልክት ይፈለጋል፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ ግዴታ ነው። ምልክት የሌለው ወንበር መታወቂያ እንደሌለው እንግዳ ነው፤ ልጅ አይሰጡትም።

ጥሩ ወንበር ይዞ አበላሽቶ ማሰርም አለ። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት 46 በመቶ ያህሉ መቀመጫ በአንድም በሌላም መንገድ በስሕተት የተገጠመ ወይም የታሰረ ሆኖ ተገኝቷል፤ መጽሐፉንም ቪዲዮውንም በገዛ ቋንቋው ያገኘ ሕዝብ ነው ይህ። ስለ አስተሳሰር ሦስት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው የእኛ አገር ነገር ነው፤ ጋቢ። ልጁን በጋቢ ወይም በወፍራም ጃኬት ጠቅልላችሁ ቀበቶውን በላዩ ካጠበቃችሁ ያጠበቃችሁት ጋቢውን ነው። በግጭት ጊዜ ጋቢው ይታመቃል፤ ልጁ በላላው ቀበቶ መካከል ሾልኮ ይወጣል። መጀመሪያ ልጁን በስስ ልብሱ እሰሩ፤ ትከሻው ላይ ቀበቶውን በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ እጥፋት መያዝ ካልቻላችሁ ጠብቋል። ከዚያ ጋቢውን ከላይ አልብሱት። ሁለተኛ፣ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የወንበሩን ጀርባ፣ ማለትም የሕፃኑን ራስ፣ ይመታል። ሦስተኛ፣ ቀደም ሲል የጠቀስኩት መደላድል ወገብ ብቻ በሚይዝ ቀበቶ አይሠራም፤ ትከሻን የሚያቋርጥ ቀበቶ ይፈልጋል። መኪናችሁ አሮጌ ከሆነና ከኋላ የወገብ ቀበቶ ብቻ ካለው፣ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁን እዩት።

በግራኮ ታሪክ ያላነሣሁት አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ ወንበር ሲገዛ አብራው የምትመጣ ካርድ አለች፤ ገዥው ስሙንና አድራሻውን ሞልቶ ለአምራቹ ይልካል። ጥሪ ሲወጣ ደብዳቤው ወደዚያ አድራሻ ይሄዳል። ወንበሩ ግን ከገዥው ወደ እህቱ፣ ከእህቱ ወደ ሻንጣ፣ ከሻንጣው ወደ ጥርባ መጥቷል። ደብዳቤው ሜሪላንድ ወይም ዴንቨር ያለ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ይወድቃል፤ እዚህ ያለው አባት ግን በየሳምንቱ እሑድ ልጁን በዚያው ቁልፍ ያስራል። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር ቅጣት፣ ያ ሁሉ ምርመራ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ድንበር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃ የምትልኩ ዘመዶች ካሏችሁ እንዲህ በሏቸው፦ ከመላካችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥርና የተሠራበትን ቀን በስልክ ፎቶ አንሡና ጥሪ ወጥቶበት እንደሆነ አጣሩ። እነሱ ዘንድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወንበሩ ግጭት አይቶ እንደሆነም ይናገሩ፤ ይሉኝታ ይዟቸው «ደህና ነው» እንዳይሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ ወንበር አስመጥተው የሚሸጡ ነጋዴዎችም ይህን ቢመዘግቡ፣ የገዥውን ስልክ ቢይዙ፣ ጥሪ ሲወጣ ቢደውሉ ምንም አያከስራቸውም። የአገራችን ደረጃ አውጪዎችና የገቢ ዕቃ ተቆጣጣሪዎች ይህን ዕቃ ከአሻንጉሊት ለይተው ሊያዩት ይገባል፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የማይስማማ ካለ በጥያቄ ሰዓት እንከራከር።

አሁን ወንበር ወደሌለው ተሳፋሪ ልመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ሰዎች በመግደል ረገድም ይህ አደጋ አንደኛ እንደሆነ ይናገራል። ስለ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ለ2016 የተመዘገበው ሞት 4,352 ሲሆን ድርጅቱ የገመተው 27,326 ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ለእውነቱ ይቀርባል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መንገዱን የምትውሉበት እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከቡሬ በቲሊሊ አድርጎ እንጅባራ፣ ከዚያ በአዲስ ቅዳም ዳንግላ የሚወስደው መንገድ ክረምት ሲሆን ጉሙ ይወርድበታል፤ ከሰል የጫነ መኪና ከፊት፣ ባጃጅ ከጎን፣ ከብት ከመሐል። ቀበቶ ማሰር በደንብ ቁጥር 208/2003 ከተደነገገ ዓመታት አልፈዋል፤ የብዙ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ግን የሚታሰር ቀበቶ የለውም። እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ጥሩ ወንበር ቢገኝ እንኳ የሚታሰርበት ቦታ የለም።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ሕፃን የያዘች እናት ከሾፌሩ አጠገብ ጋቢና አትቀመጥ። ረዳቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው፦ «እናት ናት፣ ትከበር» ብላችሁ ፊት ለፊት መስታወቱ ጋ ስታስቀምጧት አክብራችኋት አይደለም። መተላለፊያው ላይ በተጨመረች ዱካ ላይም ሕፃን የያዘ ሰው አይቀመጥ። ልጅ አዝሎ መኪና ውስጥ መቀመጥም ይቅር፤ እናቲቱ ወደ ኋላ ስትገፋ ልጁ በእሷና በወንበሩ መካከል ነው። ፈትታ ፊት ለፊቷ ትቀፈው፣ ቀበቶ ካለ እሷ ብቻዋን ትሰር፤ ልጁ ከቀበቶው ውጭ ይሁን። ይህ ደኅንነት አይደለም፣ ከክፉ የተሻለው ነው። ባጃጅ ውስጥ ልጅ መሐል ይቀመጥ እንጂ ክፍቱ ጎን አይሰጠው።

ሾፌሮች፣ ወንበር በሌለበት ሕፃኑን የሚያድነው የእናንተ እግር ነው። ቅድም ከ10 ሜትር መውደቅ ያልነው በ50 ኪሎ ሜትር ነበር። ፍጥነቱን በግማሽ ወደ 25 ስታወርዱት ከፍታው በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ በአራት እጅ ቀንሶ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ልጅ የመዳን ተስፋው ብዙ ነው። ከተማ ስትገቡ፣ ጉም ሲወርድ፣ ገበያ ሲወጣ ወደ 25 የምትቀንሱት ለትራፊክ ፖሊስ ብላችሁ ከሆነ ፖሊሱ ሲሄድ ይረሳል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የዚህ ወንበር ጉዳይ። ባለቤቱ «ታዲያ ለማን ልስጠው?» ብሎኛል። ለማንም። ቆሻሻ ላይ ቢጥለውም የሚያነሣው አይጠፋም፤ ጨርቁን አጥቦ ይሸጠዋል ወይም ለጎረቤት ይሰጠዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወንበር ሲወገድ ቀበቶዎቹ ሁሉ በቢላ ይቆረጣሉ፤ ከትከሻ ሁለቱ፣ ከወገብ ሁለቱ፣ እግር መካከል ያለውም ከነቁልፉ። ፕላስቲኩ ላይ በማይለቅ ቀለም «ተበላሽቷል፣ ለልጅ አይሆንም» ተብሎ ይጻፋል። ቢላና ቀለም አምጥቻለሁ፤ ባለቤቱም ፈቅዷል። የራሳችሁን ወንበር ያመጣችሁ ካላችሁም እየገለበጥን እናየዋለን፤ ወደ ፊት ቅረቡ።